የተፈወሱት ድንጋዮች

…በሽታ ነው ያለችው እሷው ናት፣ ማንም አላስገደዳትም፣ ከገዛ አፏ ነው የወጣው፣ እና አሁን ሩሃማ ከቁይ ከተማ በላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆማ ድንጋዮቹን ታያለች፣ ተፈትገው ነጥተዋል፣ በረኪና በረኪና ይሸታሉ። ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት የለፋችበት ፈንገስ በሽቦ ብሩሽ ሄደ።

ቄሰ ገበዝ ፍቅረ ሥላሴ አጠገቧ ሆነው ፈገግ ይላሉ፣ አየሽ ልጄ፣ ታመዋል ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ሰው አላስነካሁም፣ በእጄ ነው ያጠብኳቸው፣ ያሳዩዋታል፣ መዳፋቸው ተልጧል፣ እዚህ እጅ ፊት ምን ይባላል። አምና ምንድን ነው የምትፍቂው ሲሏት ማስረዳት ሰለቻት፣ ግራጫው ቅርፊት ላይከን ነው፣ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው ድንጋይ ላይ የሚያበቅሉት፣ እላዩ ላይ ያሉት ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች ደግሞ ሌላ ፈንገስ ናቸው፣ ብርድና ጥላ ወድደው ላይከኑን ተጠግተው የሚኖሩ፣ አብረውት ያረጃሉ እንጂ አይገድሉትም፣ ይኼን ማለት አቅቷት ነው? አላቃታትም፣ ናቀቻቸው። የገጠር ቄስ ምን ይገባዋል ብላ በሽታ ነው አባ አለች፣ ተገላገለች። እሰይ፣ የእጇን ነው ያገኘችው።

የመመረቂያ ጥናቷ አማካሪ ደግሞ አንድ ናሙና አይበቃም ብሏል፣ ሁለተኛ ነገ ካላመጣሽ ርእስ ቀይሪ፣ ከዜሮ ጀምሪ፣ ከየት ታመጣለች፣ እስከ ሉማሜ ፈልጋ አጥታዋለች፣ ያለው እዚህ ብቻ ነው፣ ነበር።

እና ታያታለች። ከበሩ አጠገብ፣ ካቡ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ግራጫ ቅርፊት፣ ጥቁር ነጥቦቿ እንዳሉ፣ ብሩሹ የሳታት። ጠጋ ብላ በጀርባዋ ትሸፍናታለች፣ ቢላዋው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ አንድ ደቂቃ ብቻዋን ብትሆን ይበቃታል።

ሌላ የታመመ ቀርቷል እንዴ ልጄ?

የለም አባ፣ ሁሉም ድነዋል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዋሸች፣ ለካ እንዲህ ይቀላል። እውነቱን ብትነግራቸውስ? ያንን የተላጠ እጅ እያየች ያጠፉት እርስዎ ነዎት ልትል? አትችልም፣ ታፍራለች፣ ከታች የመጨረሻዋ ሚኒባስ ጥሩምባ ትነፋለች፣ ረዳቱ ማርቆስ ማርቆስ ይላል፣ እርስዎ ይግቡ አባ፣ እኔ ትንሽ ዐረፍ ብዬ እወርዳለሁ፣ ይግቡ፣ ይሂዱልኝ፣ በቃ ይሂዱልኝ።

ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ካቡ ላይ ያስደግፉና አጠገቧ ቁጭ ይላሉ፣ ብቻሽንማ አልተውሽም ልጄ፣ ዕረፊ፣ መኪናዋ ድረስ እሸኝሻለሁ።