እናቷ ያየችው ፊልም

እዚህ ጋ ሳቅ አልነበረም፣ እዚህ ጋ ማንም ይስቃል ተብሎ አልታሰበም፣ ሹፌሩ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ግንባሩን መሪው ላይ ሲደፋ ምኑ ነው የሚያስቀው፣ ግን በግራ በኩል ያሉት ወጣቶች ይስቃሉ፣ አንዱ ተኛ እንዴ ሰውየው ይላል፣ አንዷ ዝም በል እስቲ ትለዋለች፣ እሷም የመጨረሻው ረድፍ ላይ እጆቿን ጭኖቿ ስር ቀብራ ሳቁን ትሰማለች። ይህን ፊልም ስትቆርጥና ስትቀጥል የከረመችው እሷ ናት፣ ኤዲተሯ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ታፍና፣ ሹፌሩ መቼ ዓይኑን እንደሚጨፍን ከሹፌሩ ሚስት በላይ ታውቃለች። የማታውቀው ሰዉን ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ጀርባ ብቻ፣ ጀርባ ደግሞ አይነበብም፣ ከጀርባዎቹ ሁሉ ያ አንዱ፣ ከፊት መተላለፊያው ዳር፣ ሹራብ ጣል ያደረገው፣ ቀጥ ያለው። የእናቷ።

ምን አስበሽ ጠራሻት፣ ትላለች ለራሷ። እኔ አልጠራኋትም፣ የልጄን ሥራ ሳላይ ልሞት ነው ወይ ብላ ራሷ ነች የመጣችው። ውሸት። ጠርተሻታል፣ መነጽርሽን እንዳትረሺ ብለሽ ሁለቴ ደውለሻል፣ አሁን ደግሞ ጎኗ መቀመጥ ፈርተሽ፣ ሠራተኛ ከኋላ ነው የሚቀመጠው ብለሽ አታለልሻት።

ፊልሙ ከሹፌሩ ወደ ነርሷ ይዞራል። ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ሰዉ ዓይኑን ያጠባል። ይሄኛው ደግሞ ማን ነው፣ ይላል ከፊቷ ያለው ወፍራም ሰውዬ ለሚስቱ፣ ሹክሹክታው የተኛ ይቀሰቅሳል፣ ባሏ ነዋ፣ ባሏማ ሞተ፣ የሞተው የሹፌሩ ወንድም ነው አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ይቺ ለማን ነው የምታለቅሰው፣ እሱን ቆይ እናያለን። እናያለን አለች፣ ተመስገን፣ ቢያንስ አንድ ሰው እናያለን ብሏል። ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ጥፍሩን ጨርሶ ወደ ጣቱ እየሄደ ነው። ሦስት ታሪክ በአንድ ገመድ እንገምዳለን ብሎ የተነሳው እሱ ነው፣ ሹፌሩ፣ ነርሷ፣ ልጆቿን እህቷ ቤት ጥላ የምትሄደው እናት፣ የአንዱን ጫፍ ሌላው ውስጥ እየሸጎጥን እንሄዳለን፣ ሰው ይጠፋበታል እኮ ስትለው፣ ይጥፋበት፣ ጠፍቶ ይገኛል አላት። አሁን ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች ተነስተው እየወጡ ነው። የሚገኙ አይመስሉም።

ሦስተኛዋ ታሪክ የእሱ አይደለችም።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፣ ከእሷ ግን አምልጧት አይደለም፣ አንስታ ሰጠችው። ኮምፒውተሩ ተንቀራፍፎባቸው ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ እናቴ እኮ ልጅ እያለሁ ሄዳ ነበር አለችው፣ ሥራ ፍለጋ ነው የሚሉት፣ ወንድሜንና እኔን አክስቴ ዘንድ ትታ፣ ስትመለስ ወንድሜ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፣ እኔ የአክስቴን ቀሚስ ይዤ እትዬ ይግቡ አልኳት፣ እንደ እንግዳ። ዳይሬክተሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሷስ ምን አለች። ምንም። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ተወርቶ አያውቅም፣ ሆድ ይፍጀው ነው፣ እናቴ ሰው ስለ ልጅነቱ ማውራት ሲጀምር ተነስታ ዕቃ የምታጥብ ሴት ናት፣ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች። በአፍ መጠየቅ ያቃተው ሰው በፊልም ይጠይቃል ወይ። እሱን እንግዲህ ዛሬ ታይዋለሽ። ዛሬ ምን ዛሬ፣ አሁን፣ መጣ።

መጣ። እናትየዋ በጠባቡ መንገድ ትመጣለች፣ ሻንጣ በእጇ፣ በሩ ይከፈታል፣ ሕፃኗ ብቅ ትላለች፣ እናትየዋ ደፉ ላይ ቀጥ። አትገባም። ረዘመ። ዳይሬክተሩ ይጠር ብሎ ነበር፣ አያጥርም ብላ የተሟገተችው እሷ ናት፣ እንዲህ ነው የቆመችው፣ አልገባም ብላ፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ ትናንት የሆነ ያህል አስታውሳለሁ፣ ብላ። የፈንዲሻ ከረጢት ይንኮሻኮሻል። ሳል። የስልክ መብራት ቦግ ብሎ ይጠፋል። እትዬ ይግቡ፣ ትላለች ሕፃኗ።

ይቺም እናት ተብላ፣ ይላል ወፍራሙ ሰውዬ፣ አሁን በሹክሹክታ አይደለም፣ ድመት እንኳ ልጇን በአፏ አንጠልጥላ ነው የምትሄደው። እውነቱን ነው፣ ይላል ሌላ ድምፅ ከማዶ። ዝም በሉ፣ እባካችሁ ዝም በሉ፣ እሷ እዚህ ናት፣ ትሰማለች፣ ምን አድርጌ ነው፣ እናቴን አደባባይ አውጥቼ ነው ለሰው ያስረገጥኳት፣ ተነስቼ መብራት ላስበራ፣ ሄጄ ዓይኗን ልሸፍን።

ያ ጀርባ ይዞራል። እናቷ የመቀመጫውን ጠርዝ ይዛ ወደ ኋላ ትመለከታለች፣ የስክሪኑ ብርሃን ጉንጯ ላይ፣ ጌታዬ፣ ትላለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ግን በጨዋ ደንብ፣ ገና አላለቀም እኮ፣ ይታገሡ። ይቅርታ እናቴ፣ ይላል ሰውዬው፣ ሚስቱ በክርኗ ትጎሽመዋለች። እናቷ ወደ ስክሪኑ ትመለሳለች። ቀጥ ብላ። እስኪያልቅ።

ሲያልቅ መጀመሪያ አንድ ጭብጨባ፣ ከዚያ ብዙ፣ ግን ሁሉም አይደለም፣ አንዲት ወጣት አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ አንዱ እኔ ምንም አልገባኝም ይላል፣ ጓደኛው ሁለቴ ማየት አለብህ ይለዋል፣ ሁለቴ ማን ጊዜ አለው፣ ወፍራሙ ሰውዬ ዓይኑ ቀልቷል፣ ዳይሬክተሩን ሰዎች እያቀፉት ነው፣ እሷ ግን ትከሻ እየገፋች፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ወደ በሩ።

ውጭ ገና ፀሐይ ነው። እናቷ ደረጃው ላይ ቆማ መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ትወለውላለች።

እሺ፣ ትላለች።

እሺ ምን፣ እማዬ።

ነርሷ ደስ ትላለች። የሹፌሩ ጫማ ግን አዲስ ነው፣ ሹፌር እንደዚያ ያለ ጫማ አያደርግም።

በቃ፣ ይኸው ነው፣ ዕቃ ማጠቧ ነው፣ ጫማ አወራች፣ ደግሞ ተርፈሻል፣ ደግሞም አልተረፍሽም፣ ታክሲ ልጥራላት፣ እጇን ልያዝ፣ የቱን።

በሩ ላይ እኔ አልቆምኩም፣ ትላለች እናቷ።

ምን።

ሮጬ ነው የገባሁት። ሻንጣውን መንገድ ላይ ጥዬ፣ ጎረቤት ነው ኋላ ያመጣልኝ። ብድግ አድርጌ አቅፌሽ ነበር እኮ። እንደ እንጨት ደረቅሽ፣ ከዚያ ጮህሽ፣ ጩኸትሽ ሰፈር ሰበሰበ። አስቀመጥኩሽና ተመልሼ ደፉ ላይ ቆምኩ፣ እንዳልፈራሽ፣ አይ፣ እንዳላስፈራሽ። ያኔ ነው ይግቡ ያልሽኝ።

አላስታውስም፣ ትላለች፣ አቅፋኛለች፣ አላስታውስም፣ ሩጫውን፣ ክንዷን፣ የራሴን ጩኸት፣ አንድም አልቀረኝም፣ ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩት መቆሟን ብቻ ነው፣ የቆመችውም ለእኔ ብላ ነው። ከኋላዋ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ሆኖ ይጠራታል፣ ነይ እንጂ፣ ሰዎች ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ። መጣሁ ልትል አፏን ትከፍታለች።

እማዬ፣ የት ነበርሽ ግን።

እናቷ መነጽሯን ታደርጋለች። ታወልቃለች። ረጅም ነው፣ ትላለች፣ ጉልበቴ አይችልም፣ እንቀመጥ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ሰዉ በግራና በቀኝ እያለፋቸው፣ እየተከራከረ፣ ይወርዳል። መጀመሪያ የገባሁት አንድ የልብስ ፋብሪካ ነው፣ ትላለች እናቷ፣ ማታ ማታ ልጄ እንዳትረሳኝ እያልኩ እጸልይ ነበር፣ አንቺን ነው የምልሽ፣ አንቺ እንዳትረሺኝ። እሷም ታዳምጣለች። ዝም ብላ፣ በውስጧም ጭምር።