ሁለት ባለቤት ያለው ቁጥር

ዘርዓብሩክ ሥራውን ለቆ ባንክ ከገባ ወዲህ ኡመይማ የምትጽፈውን ኮድ የሚያነብላት ሰው የለም። ቢሮዋ ዊንጌት ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድሮ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አንዲት መስመር ይዘው ግማሽ ቀን ይከራከሩባት ነበር። አሁን በእሱ ወንበር ላይ የኬብል ክምር ተቀምጧል። የድርጅቱ ባለቤት አልፎ አልፎ ብቅ ይልና «ሁሉ ሰላም?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ይወጣል።

አንድ ቀን ከሸጎሌ ተደወለላት። ከብት በቁሙ በኪሎ የሚሸጥበት አንድ ግቢ አለ፤ ሁለት ኤሌክትሮኒክ ሚዛኖቹን የሚያሠራው እሷና ዘርዓብሩክ የጻፉት ፕሮግራም ነው። የግቢው ኃላፊ አቶ ታረቀኝ ተቆጥተዋል።

«ልጄ፣ ማሽናችሁ ነው የታመመው ወይስ ሠራተኛዬ ናት ሌባ?»

ደቻሳ የሚባል ነጋዴ ሰንጋውን ሲያስመዝን፣ ስክሪኑ ከጎን ባለው ሌላ ሚዛን ላይ የቆመውን የከሳ ወይፈን ክብደት አሳየ። ደቻሳ ጮኸ፣ ሰው ተሰበሰበ። ሚዛኑ ላይ የምትሠራው ኢፍቱ ከገዢው ጋር ተመሳጥረሻል ተባለችና ነገሩ እስኪጣራ ቤቷ እንድትቀመጥ ተደረገ።

«እሷ ክብደቱን መለወጥ አትችልም» አለች ኡመይማ። «ፕሮግራሙ አይፈቅድላትም።»

«ታዲያ ማን ለወጠው?»

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ፕሮግራሙ አንድ ሚዛን ሲከፍት ኮምፒውተሩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ ሲያስቀምጡ እንደሚሰጠው ያለ ቁጥር። ክብደቱን የሚያነበውም፣ ሲያበቃ ሚዛኑን የሚዘጋውም በዚያው ነው። ሲዘጋ ቁጥሩ ነፃ ይወጣና ለሚቀጥለው ከፋች ይሰጣል። አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል የተመለሰውን ቁጥር ቅጂ ይዞ ከቀረ ግን፣ የራሱን ሚዛን ያነበበ እየመሰለው የሌላውን ያነባል። ኡመይማ የጠረጠረችው ይህንን ነው። ገመድ ሲላቀቅ ሚዛኑ ተዘግቶ እንደገና ይከፈታል፤ ስለዚህ ቢሮ ያሉትን ሁለት የሙከራ ሚዛኖች ገመድ እየነቀለች ስትሰካ፣ ስትሰካ ስትነቅል ዋለች። ከሰዓት በኋላ በሁለቱም መስኮት አንድ ዓይነት ክብደት መጣ።

«አየኸው!» ብላ ዞረች።

ወንበሩ ላይ ኬብሎቹ ናቸው ያሉት።

ትንሽ ቆይታ ለዘርዓብሩክ ደወለች።

«ኡሚ! እንዴት ነሽ? ስብሰባ ልገባ ነው፣ ቶሎ በይኝ።»

ነገረችው።

«ቀላል እኮ ነው። ሲዘጋ ቁጥሩን በማይሠራ ቁጥር ተኪውና እለፊው።»

«እሱ የሚያጠፋው አንዱን ቅጂ ነው። ሌላው ክፍል የያዘውስ? ባለቤቱ ማን ነው?»

ድሮ ቢሆን ይህቺ ጥያቄ እስኪመሽ ታቆያቸው ነበር።

«እ... ማለቴ፣ ለጊዜው ይሠራል። በኋላ እደውልልሻለሁ፣ እሺ?»

አልደወለም።

ብቻዋን ጀመረችው። ደረቁን ቁጥር የትም እንዳይታይ «መያዣ» ብላ በሰየመችው የራሱ ዓይነት ጠቀለለችው። የሚዛን መያዣ የሚዛን ብቻ ነው፤ ለደረሰኝ ማተሚያው ልስጠው ቢሉ ኮዱ ገና ሳይሠራ እምቢ ይላል። መያዣው አይቀዳም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ ያስተላለፈው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ማንበብ ብቻ የፈለገ ይዋሳል፤ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ይዞ መቆየትም ሆነ መዝጋት አይችልም። የመጨረሻው ባለቤት ሥራውን ሲጨርስ መያዣው ራሱን ይዘጋል፤ አንዴ፣ በቃ።

ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የስህተት መዓት ዘረገፈባት። ደስ አላት። በየመስመሩ «እዚህ ጋስ የማን ነው?» እያለ የሚሟገታት ነገር ከተገኘ ስንት ጊዜው! አንድ በአንድ መለሰችለት። በመጨረሻ የማይታረቅ ቦታ ላይ ደረሱ። ገመድ ሲላቀቅ ሚዛኑን እንደገና የሚከፍተው ክፍል አሮጌውን ቁጥር ይዘጋል፤ ክብደቱን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ክፍል ደግሞ ያንኑ ቁጥር ቀድቶ የራሱ አድርጎታል። አንዱን የጻፈችው እሷ ናት፣ ሌላውን ዘርዓብሩክ። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሁለቱም የኔ ነው ብለው ነበር። ሚዛኑን የሚከፍተውን ክፍል ብቸኛ ባለቤት አድርጋ፣ ስክሪን ላይ የሚያወጣው እንዲዋስ አስተካከለችው።

ሥራው አምሮ ነበር፤ ማማሩን የምታሳየው ሰው ግን አልነበራትም። ኮዱን አንብቦ ያጸደቀው ሰው ስም በሚሞላበት ቦታ የራሷን ስም አስገባች።

ሸጎሌ ወጥታ መጀመሪያ በአሮጌው ፕሮግራም ስህተቱን አቶ ታረቀኝ ፊት ደገመችው፤ ከዚያ አዲሱን ጫነች። ገመዱን ራሳቸው ነቅለው ሰኩት። ሁለቱ ስክሪኖች የየራሳቸውን ክብደት ይዘው ቆሙ።

«ልጅቷን በከንቱ አስከፋኋት ማለት ነው» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

ኢፍቱ ቤቷ ቅርብ ነበርና ወዲያው መጣች። አቶ ታረቀኝ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቋት። እሷ ግን ወደ ኡመይማ ዞረች።

«ምንድነው የነበረው?»

«አንድ ቁጥር ሁለት ባለቤት ነበረው።»

ኢፍቱ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏት ጠበቀች። «ይኸው ነው?»

ኡመይማ ሁሉንም ልትነግራት ፈለገች። ከኋላ በሬ የያዙ ሰዎች ተሰልፈው ይጮኻሉ። «ይኸው ነው» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» አለች ኢፍቱ፤ እጇን ጨብጣት ወደ ሚዛኑ ሄደችና ሰልፈኞቹን በኦሮምኛ ታስተናግድ ጀመር።

ኡመይማ ወዲያው አልሄደችም። አጥሩን ተደግፋ በሬዎቹ ሲወጡ ሲወርዱ፣ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ አየች። ሁሉም ልክ ነበር፤ ልክ በመሆኑም ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አንድ ደላላ ጠጋ አላት።

«እህት፣ ገዢ ነሽ ሻጭ?»

«ሁለቱንም አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እያየሁ ነው።»

ደላላው ከላይ እስከ ታች አያትና ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ። እሷ አንድ ቀይ በሬ ተመዝኖ እስኪወርድ ቆየች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ታክሲው ቁልቁል ወረደች።