ፕሪንተር ቁጥር ሁለት

አባቴና አጎቴ በኢሜይል ምክንያት መነታረክ የጀመሩት እኔ ጥርስ ሳላበቅል ነው። ሌላው ሰው በመሬት ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል። የእኛዎቹ ግን ለቢሮ የሚሻለው የትኛው ኢሜይል ነው እያሉ አሥራ አምስት ዓመት ተጨቃጨቁ። አባቴ የሚያምነው ቢሮው ውስጥ በሚቀመጠው ነው፤ አንድ ክፍል፣ ደብዳቤውን ሁሉ የሚይዝ አንድ ሰርቨር የሚሉት ማሽን፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ደብዳቤው ሁሉ ሩቅ፣ "ደመና" በሚሉት ቦታ የሚቀመጥበትን ይሸጣል።

"የወንድም ጋሼ ማሽን ደረጃ እንደወጣ ሽማግሌ ያለከልካል" ይላል አጎቴ።

"ያንተ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ይበሰብሳል" ይላል አባቴ።

እማዬ ትስቅባቸዋለች። እሷ እያለች ጠባቸው ጨዋታ ነበር።

እማዬ አባቴ በሚሠራበት የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ ምድር ቤት ከኢሜይሉ ማሽን ጋር። ደረጃ መውረድ ሲታክታት በኢሜይል ትጽፍለታለች። "ሹራብህን ገልብጠህ ለብሰሃል፤ ጠዋት ሳቄን ውጬ ነው ዝም ያልኩህ።" "ልጅህ ዛሬም ከአስተማሪዋ ጋር ተጋጭታለች፤ ምላሷን ካንተ ነው የወረሰችው።" እንዲህ እንዲህ እያለች ዘጠኝ ዓመት ጻፈችለት።

ስትታመም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ። ከሞተች በኋላ ጊዜ ሲያልፍ እዚያው ድርጅት ጽዳት ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ "የሌሉ ሰዎች የኢሜይል አካውንት ይዘጋ" ብለው ሲያዙ፣ አባቴ የእሷን አልዘጋም። እሱ ጋ ያሉትንም ደብዳቤዎቿን ሰብስቦ እዚያው ከተተና ስሙን ቀየረው፦ ፕሪንተር ቁጥር ሁለት። ሕንፃው ውስጥ ያለው ፕሪንተር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ደስ ሲለው ነው የሚሠራው። ማንም ግን አልጠየቀም። ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ልጠርግ ስገባ አንድ ደብዳቤ ከፍቶ ያነብልኛል። ሁለተኛ ስለምነው "ቶሎ ይጨረሱብን ነው የምትዪው?" ይለኛል።

በኋላ ሥራ አስኪያጁ የአጎቴን ኢሜይል መረጡ። አባቴ ወንድሙን ማነጋገር አቆመ፤ "በይው"፣ "በይልኝ" እየተባለ ሰላምታቸው እንኳ በእኔ በኩል ሆነ። ደብዳቤዎቹ ወደ አዲሱ በሚዛወሩበት ቀን አባቴ ፈቃድ ወስዶ ቤት ቀረ።

"ጎበዝ ከሆነ ብቻውን ይወጣው" አለኝ። "ፕሪንተሯን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ አይነካትም።"

አጎቴ የሠራተኛውን ስም እያየ የሚዛወረው ላይ አንድ በአንድ ምልክት ያደርጋል። እኔ ወለል እወለውላለሁ።

"አንቺ ምላሳም፣ ይቺ ፕሪንተር ቁጥር ሁለት ምንድን ናት? ትለፍ ወይስ ትቅር?"

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በአባቴ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሳየው ደሜ ፈላ።

"እኔ ጽዳት ነኝ። ባለ ደመናው አንተ አይደለህ እንዴ? ከላይ ሆነህ እያት።"

ሳቀ። "እንግዲያው ትቅር።"

ብትቀር አሮጌው ማሽን ላይ ትኖራለች ብዬ ነው። አጎቴ ከድርጅቱ ጋር የፈረመው ውል ላይ አሮጌው ሰርቨር ባዶ ተደርጎ ይመለሳል የሚል መኖሩን በምን አውቄ? ባልዲዬን ደፍቼ ስመለስ ሁለቱንም ዲስክ፣ ዋናውንም ቅጂውንም፣ አጥፍቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ "መቶ በመቶ ተጠናቋል" ይላል። ያንን ለማንበብ ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

በማግስቱ አባቴ ገባና ከስንት ወር በኋላ ወንድሙን ራሱ አናገረው።

"ፕሪንተሯን የት አስቀመጥካት?"

"የቷን? ሁለተኛዋን? እሷማ ቀረች።"

አባቴ ምን እንደነበረች ነገረው። አጎቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። መወልወያዬን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ማንንም አልጠየቅኩም ወንድም ጋሼ" አለ። "ቸኩዬ ነው፣ ማንንም ሳልጠይቅ ዘለልኳት።"

"ማሽኔን ስትጠላው ኖርክ፣ ይኸው እፎይ በል። ከእንግዲህ ቤቴ ድርሽ እንዳትል።"

አጎቴ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

አራት ወር አለፈ። ሁሉን የምለፈልፈው እኔ፣ ያቺን አንዲት ነገር መናገር አቃተኝ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት አባቴ ኮምፒውተሩን ከፈተና አጠገቡ ወንበር ሳበልኝ።

"ከደብዳቤዎቿ የምታስታውሺውን በይኝ፣ ልጻፈው።"

የሹራቡን ነገርኩት፣ ጻፈ። የአስተማሪዬን ነገርኩት፣ ጻፈ። ሦስተኛ ብፈልግ ብፈልግ የለም። እሱ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል።

"አባዬ" አልኩት፣ "አጎቴ ዋሽቶልኝ ነው። ምንድን ናት ብሎ ጠይቆኛል። ያልነገርኩት እኔ ነኝ።"

ዞሮ አላየኝም።

"አራት ወር ሙሉ?"

"አራት ወር።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ስልኩን አንስቶ ደወለ። ገና አንዴ ሲጠራ ተነሳ።

"አቤት ወንድም ጋሼ" አለ አጎቴ።

አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

"ወንድም ጋሼ? አለህ?"

ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። እንባዬ ብቻ ይወርዳል። አጎቴ ዝም ብሎ ያዳምጠናል፣ አልዘጋውም።