የተቆረጠው ሞላ

አይስቴ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ነው የገባው። ሦስት የአደን ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና ያን አሮጌ ጠመንጃ የጠጋኟ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ይኸው የእጅሽ ሥራ" አላት።

ጠጋኟ የሟች ወንድሙ ሚስት ናት። ጠመንጃ መጠገን ያስተማራት ባሏ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ፣ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው፣ ከደረጃ ሥር ያለችውን ጠባብ ሱቅ ብቻዋን ይዛለች። አይስቴ ይሄ ነገር ከመጀመሪያውም አልተዋጠለትም። የወንድሙ ብረት ማሰሪያ ሞርሳ ላይ ሴት ጎንበስ ብላ ሲያይ ዓይኑን እንደ ጭስ ይቆጠቁጠዋል። አይስቴ የሚለውን ቅጽል ያወጡለት አዳኞች ናቸው፤ ተኩሶ አይስትማ።

ጠመንጃው የአባቱ ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። አንዴ ካቀባበሉት በተኮሱ ቁጥር ቀለሁን ተፍቶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚጎርስ የአደን መሣሪያ ነው። ከሁለት ወር በፊት ጥላሸቱን ፍቃ፣ የተደፈነውን የጋዝ ቀዳዳ ከፍታ መልሳለት ነበር። ዘይቱን በጨርቅ ስስ አድርጎ እንዲያስነካው እንጂ እንዳያጠጣው፣ ያረጀ መሣሪያ ንጽሕና እንጂ ቅባት እንደማይወድ ደጋግማ ነግራዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከርከሮ ላይ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት አቆሰለው፤ ሁለተኛው ነከሰ፣ ቦታው ሳይገባ ተቀርቅሮ ቀረ። የቆሰለው አውሬ ዞረና ከአይስቴ አጠገብ የቆመውን ጓደኛውን፣ አንዱን መካኒክ፣ ጭኑን ዘነጠለው። ከዚያ "የወንድሜ ሚስት ናት ያበላሸችው" የሚለው ወሬ ከተማውን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሦስት ደንበኞች መሣሪያቸውን ሳያስጠግኑ ወሰዱ። አሁን ደግሞ በምስክር ፊት ጥፋቷን አምና የሱቁን ቁልፍ እንድታስረክበው ነው የሚፈልገው።

ጠጋኟ ጠመንጃውን ወደ ራሷ ሳበች። ካዝናውን አወጣች፤ መዝጊያውን ስባ ጥይት እንደሌለ በዓይኗም በትንሿ ጣቷም አረጋገጠች፤ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ትፈታታው ጀመር። ውስጡ በወፍራም የማሽን ዘይት ተነክሯል። ዘይቱ የባሩዱን ጥላሸት ጠጥቶ እንደ ጭቃ ረግቷል።

"ይሄ ብቻውን ያስነክሰዋል" አለች፣ ለእሱ ሳይሆን አብሮት ለመጣው፣ ጭኑ ለታሰረው መካኒክ።

አይስቴ ዘይቱን ያጠጣችው ራሷ ናት፣ ሌላ ማን ነክቶት ያውቃል ብሎ ተሟገተ። ሰዎቹም አንገታቸውን ነቀነቁለት።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። መዝጊያውን ወደ ፊት የሚመልሰውን ሞላ ስታወጣ እጇ ቀጥ አለ። ከመሳቢያ አዲስ አምጥታ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው። የአይስቴ ሞላ ሦስት ጣት ያጥራል፤ ጫፉ በፒንሳ ተቆርጧል፣ የተቆረጠበት ቦታ ገና ያብለጨልጫል። የተቆረጠ ሞላ ሲስቡት ቀላል ነው፤ ጥይቱን ወደ ቦታው ገፍቶ መዝጊያውን ለመዝጋት ግን አቅም አይኖረውም።

"ቆርጠሽብኛል" አለ አይስቴ።

ቀና ብላ አየችው። ከገባ ጀምሮ ቀኝ እጁ ከኮቱ ኪስ አልወጣም፤ ጠመንጃውንም የወረወረው በግራው ነው። ያኔ ለምን እንደቆረጠው ገባት።

ዝም ልትል ትችል ነበር። ወይ ለብቻው ጠርታ ልትነግረው። አልፈለገችም፤ ሦስት ዓመት ሲንቃት ኖሯል። መሣሪያውን ወለወለች፣ አዲሱን ሞላ ከተተች፣ ገጣጠመችና ባዶውን ወደ እሱ ገፋችው።

"ያቀባብሉት፣ ጋሼ።"

"ፈተና ልፈተን አልመጣሁም።"

"አቀባብለው እንጂ" አለ መካኒኩ።

አይስቴ እጁን ከኪሱ አወጣ። ጣቶቹ ግማሽ ታጥፈው ቀርተዋል። እጀታውን ያዘ፣ ሳበ፤ ገና ከመነሻው አመለጠው። ግንባሩ ላብ አቸፈቸፈ።

"እንደገና" አለች ጠጋኟ።

ደገመው፤ አሁንም አመለጠው።

መካኒኩ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። "ብትነግረን ኖሮ ሌላ ቦታ እቆም ነበር" አለውና እያነከሰ ወጣ። ሌሎቹ ሁለቱ ጓደኞቹም ተከተሉት።

አይስቴ ጠመንጃውን ሳያነሳ በሩ ላይ ደረሰና ዞረ። "ደስ አለሽ?" አላት።

"አዎ" አለችው።

ደንበኞቹ በሳምንቱ ተመለሱ። አይስቴ ግን የሷን ስም የሚያነሳ ሰው ካለ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ይሄዳል አሉ። ለጠመንጃው የመጡት አማቷ፣ የአይስቴ እናት ናቸው። ወንበር ብትስብላቸውም አልተቀመጡም። የልጃቸው እጅ ከበጋ ጀምሮ እንደማይታዘዘው፣ የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፉለት እሳቸው እንደሆኑ፣ ለሰው ከምትነግሪ ብሞት ይሻለኛል እንዳላቸው ነገሯት።

"ሐሰት አልተናገርሽም" አሏት። "ሰው በእሱ ጥፋት ተጎድቷል፣ አንቺንም ስምሽን አጥፍቶታል። ይህን አልክድም። ግን አንዴ አይተውታል። 'እንደገና' ያልሽው ለምንድን ነው?"

ጠጋኟ ጠመንጃውን ጠቅልላ በእጃቸው ሰጠቻቸው። ይቅርታ እንድትላቸው እንደሚጠብቁ ታውቃለች። ፈለገችው፤ ከየትም አልመጣ አላት። ሦስተኛም ጊዜ 'እንደገና' ልትለው ነበር፤ ሰዎቹ ባይወጡ።

አማቷ ከባዱን ጥቅል እንደታቀፉ፣ እንድትሸኛቸው ሳይፈቅዱ ወጡ።