የኮልፌው ሙአዚን ምስክርነት

ለጣልያን ያደሩት አስካሪ ወታደሮች ጎረቤቱን ጉታን የፊጥኝ አስረው ሲነዱት አብደላ በአጥሩ ሽንቁር ያይ ነበር። ከኋላ የሚሄደው አስካሪ የጉታን መጥረቢያ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞታል። የጉታ ሚስት ደሜ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ትከተላቸዋለች። ከአጥራቸው ጥግ የስልኩ ምሰሶ ከወገቡ ተሰብሮ ተጋድሟል፤ ሽቦውም የደሜ ጎመን ላይ ተጠምጥሟል።

"ምሰሶውን የቆረጥከው አንተ ነህ። እዚህ አካባቢ መጥረቢያ የተገኘው አንተ ቤት ነው" አለ አስተርጓሚው ገብረአምላክ፣ አብሯቸው ያለው የጣልያን ሹም፣ ማርሻሎው፣ በጣልያንኛ የሚጮኸውን ወደ አማርኛ እየመለሰ።

"ጌታዬ፣ እኔ እንጨት ቆርጬ የማድር ሰው ነኝ" አለ ጉታ። "መጥረቢያ ባይገኝብኝ ነበር የሚገርመው።"

አብደላ አፉን ከፈተ። ሰዎቹ ቁልቁል ወደ ጦር ሰፈሩ ሲወርዱ አፉን መልሶ ገጠመ።

ጊዜው ጣልያን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት የወጣበት ነበር። የስልክ ሽቦ ቆርጧል የተባለ ሰው ይሰቀል ነበርና፣ ምሰሶ የወደቀበት መንደር ትንፋሹን ውጦ ነው የሚቀመጠው። ይህን ምሰሶ ማን እንደጣለው ከመንደሩ ሰው የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ለመናገር ከሰው ሁሉ የማይሆነው አብደላ ነው።

አብደላ ኮርቻና ልጓም እየጠገነ የሚኖር፣ የሰፈሩ ትንሽ መስጊድ ሙአዚን ነው። ከመስጊዱ ጎን ያለው የድንጋይ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሰላት ጥሪውን፣ አዛን ሲል ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ አስኮ ድረስ ይሰማል ይባላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቹ ሳይቀሩ እሳት የሚጭሩትና ላም የሚያልቡት በእሱ ድምፅ ነው። ከጉብታው ሲወርድ ግን ያ ድምፅ አብሮት አይወርድም። ሥራውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ዋጋ የሚጠራለት ገዢው ራሱ ነው። ዙቤዳን ሊያጭ በሄደ ዕለት ሽማግሌዎቹ "እስቲ አንተስ ምን ትላለህ?" ቢሉት አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። በመጨረሻ ከጓዳ "እሱም ይፈልገኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ" ያለችው ሙሽሪት ራሷ ናት። ያን ቀን የሳቁት ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ሲያገኙት ይስቃሉ።

ጉታ በተያዘበት ጠዋት ባሏ ቁርሱን ሳይነካ ሲቀር ዙቤዳ ፊቱን አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ምኑን?"

"ምሰሶው ሲወድቅ" አለ አብደላ። "ገና ሳይነጋ ለሱብሂ አዛን ጉብታው ላይ ስወጣ አንድ ካሚዮን ከከተማ መጣ። እንደ ሰካራም ይወላገዳል። መጥቶ ምሰሶውን ገጨው። ማርሻሎው ከውስጥ ወረደ። የተሰበረውን የመኪና መብራት አየ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ተመልሶ ገብቶ ሄደ። ቀና ብሎ ግን አላየም።"

ዙቤዳ በእጇ የያዘችውን ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ማርሻሎው በጦር ሰፈሩ ውስጥ በማዕረግ ከካፒቴኑ በታች ነው፤ የሚፈራው ግን ከካፒቴኑ በላይ ነው።

"ለማን ተናገርክ?"

"ላንቺ።"

"በቃ፣ እኔው ዘንድ ይቅር" አለች። ደግሞም፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ "ጉታስ?" አለች።

ይህን ስትል ደሜ በር ላይ ደረሰች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አነጋገሯ ግን እንደ ወትሮው ነው።

"ዙቤዳ፣ ላሚቷን ታልቢልኛለሽ? ነገ ጠዋት ካፒቴኑ ፍርድ ይሰጣል፣ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ወጥቶ ይይ ብለዋል። እኔ ከደጃቸው አልነቃነቅም።" ከዚያ ወደ አብደላ ዞረች። "እኔ ለማርያም ነግሬያታለሁ። አንተም ለአምላክህ ንገርልኝ። ያንተ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል።"

አብደላ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ደሜ ከወጣች በኋላ የጀመረውን ልጓም ሊሰፋ ተቀመጠ። ወስፌው ጣቱን ወጋው፤ ደግሞ ወጋው። ሥራውን ጥሎ ወደ መስጊድ ሄደ።

ሼህ ከሊፋ ከመስጊዱ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አብደላ ከጎናቸው ቁጢጥ አለና ነገሩን ሁሉ በሹክሹክታ ነገራቸው። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"እና ምን ላድርግ ብለህ ነው የመጣኸው?"

"ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ፣ ሼሃችን። ተው ካሉኝ እተዋለሁ።"

"አሃ፣ ሸክሙን ለእኔ ልታወርሰኝ ነዋ። እኔ ወገቤን ያመኛል።"

"እፈራለሁ፣ ሼሃችን።"

"እኔም እፈራለሁ። ያ ማርሻሎ በዚህ ሲያልፍ መስጊድ ውስጥ እገባለሁ።" ሼህ ከሊፋ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ግን ስንት ዘመን ሙሉ ኪታብ ሳነብ፣ ፍርሃት ለሰላት የታጠቡትን ውዱእ ያፈርሳል የሚል አላገኘሁም። ፈርተህም ትሰግዳለህ፤ ሰላትህ ሰላት ነው። የቀረውን አንተው ጨርሰው።"

አብደላ ከምክሩ የያዘውን ያህል ይዞ ተነሣ። የፈለገው ትእዛዝ ነበር፤ ያገኘው ውዱእ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ልጓም ሲሰፋና ሲፈታ ዋለ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ጉብታው ላይ ወጣ። ከላይ ሲያይ ጦር ሰፈሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ደሜም ከአጥሩ ውጭ በነጠላዋ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። እጆቹን ወደ ጆሮዎቹ አንሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። "አሽሃዱ" ሲል ግን ድምፁ ተሰነጠቀ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጠራው የኖረው ቃል ያን ዕለት ትርጉሙን ይዞ መጣበት። እመሰክራለሁ ማለት ነው። በየቀኑ ለአገር ምድሩ እየጮኸ እመሰክራለሁ ይላል፤ የአላህ ምስክር ነኝ እያለ፣ አላህ ያሳየውን ደግሞ ጉያው ውስጥ ደብቋል።

አዛኑን እንደምንም ጨርሶ ወረደ። ቤቱ ሲገባ ዙቤዳ ፊቱን አየች። ንጹሑን ጋቢውን ከሳጥን አውጥታ መደቡ ላይ አኖረችለት።

በማግስቱ ጠዋት የመንደሩ ወንዶች ጦር ሰፈሩ ሜዳ ላይ ተኮልኩለው ቆሙ። ካፒቴኑ ከድንኳን ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እንቅልፍ ያልጠገበ፣ ቀጭን ሰው ነው። ማርሻሎው ከአጠገቡ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ጉታ እንደታሰረ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መጥረቢያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጀርባቸው ወታደሮች ካሚዮኖች ያጥባሉ።

ማርሻሎው ረጅም ንግግር አደረገ። ካፒቴኑ አዛጋና አንድ ነገር አለ።

"ነገሩን ያየ ሰው አለ ወይ ይላል ካፒቴኑ" አለ ገብረአምላክ። አጠያየቁ የለም እንዲባል የሚጠብቅ ሰው አጠያየቅ ነበር።

አብደላ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ፊት ወጣና አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አልክ?" አለ ገብረአምላክ።

አብደላ ደገመው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ከኋላ አንዱ "ምስኪን፣ እሱ እኮ ለራሱ ብቻ ነው የሚናገረው" አለ፤ ሰዎቹም በዚያ ጭንቅ መካከል ፈገግ አሉ። ማርሻሎው እጁን አወናጭፎ እንዲመለስ ምልክት ሰጠው።

አብደላ አልተመለሰም። እጆቹ ሳያዛቸው ወደ ጆሮዎቹ ተነሡ። ዓይኑን ጨፈነ። በሆዱ አሽሃዱ የምትለዋን ቃል ብቻ አላት፤ ከዚያ ድምፁ መጣ።

"እመሰክራለሁ" አለ።

ድምፁ ሜዳውን ሞላው። ግንድ ላይ የታሰሩት በቅሎዎች ጆሯቸውን አቆሙ፤ መኪና የሚያጥቡት ወታደሮች ጨርቃቸውን እንደያዙ ዞሩ።

"ምሰሶውን የጣለው ጉታ አይደለም። የጣለው ካሚዮን ነው። ለሱብሂ ስወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከካሚዮኑ የወረደው ማርሻሎው ነው። መብራቱ ተሰብሯል። አላህ ያየውን እኔም አይቻለሁ።"

"ዝቅ አድርገው እንጂ፣ ሰውዬ" አለ ገብረአምላክ ፊቱ ነጭ ሆኖ።

"ዝቅ ካደረግሁት አይወጣልኝም" አለ አብደላ፣ በዚያው ድምፅ።

ገብረአምላክ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን አለሳልሶ ለማለፍ አሰበ። ግን ምን ያለሳልሳል? ካሚዮን የሚለው ቃል የራሳቸው የጣልያኖቹ ነው፤ ማርሻሎ የሚለውም እንዲሁ። ካፒቴኑ ማዛጋቱን ትቶ ነበር።

"ካሚዮን?" አለ ካፒቴኑ። ማርሻሎውን አየው። "ካሚዮን?" አለ ደግሞ።

ገብረአምላክ ሁሉንም ቃል በቃል ተረጎመው።

ካፒቴኑ ተነሥቶ ወደ ካሚዮኖቹ ሄደ። አንደኛው የፊት መብራቱ ወልቋል፤ ግንባሩ ተጨራምቷል፤ በስንጥቁም የባሕር ዛፍ ስንጥር እንደ ጥርስ መፋቂያ ተሰክቶበታል። ካፒቴኑ ስንጥሩን በጣቱ ነቅሎ ማርሻሎው አፍንጫ ሥር ያዘው። የተነጋገሩትን የመንደሩ ሰው አልሰማም፤ ደግሞም መተርጎም አላስፈለገውም። ኋላ ገብረአምላክ እንዳወራው፣ ማርሻሎው መብራቱን ድንጋይ ሰበረው ብሎ አመልክቶ ኖሯል። ካፒቴኑን ያናደደው የጉታ መበደል ሳይሆን የመኪናው ነገር ነው።

ካፒቴኑ ይቅርታ አልጠየቀም። ጉታ ይፈታ፣ መንደሩ ግን አዲስ ምሰሶ ያምጣ አለ።

"እሺ" አለ ጉታ የታሰረበትን ክንዱን እያሻሸ። "ምሰሶ ቆራጩ እኔው ነኝ። መጥረቢያዬን ይስጡኛ።"

መጥረቢያውን ሰጡት።

ከሰዓት በኋላ የጉታ ቤት ሰው ሞላው። ደሜ በግ ልትጥል ብትነሣ፣ ክርስቲያን የባረከውን አብደላ አይበላም፣ አብደላ የባረከውን እሷ አትበላም። በጓ ተመልሳ ታሰረች፤ ደሜም ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮ አቀረበችና ሁሉም ከአንድ ገበታ በላ። ሼህ ከሊፋ ጭኮውን እያላመጡ "ለካ ያን ሁሉ ድምፅ ይዘህ ነው የሹክሹክታ ወሬ ስታሰማኝ የዋልከው" አሉት። ጉታ ከአብደላ ጎን ተቀምጦ ደጋግሞ ጭኮ ያጎርሰዋል። አብደላ ራሱ ያደረገውን ገና አላመነም።

በማግስቱ ጠዋት ግን ገብረአምላክ እንደ መንገደኛ ሆኖ በደጃቸው አለፈ። ሳይቆም፣ ዞር ሳይል፣ "ማርሻሎው ስምህን ጠይቋል። ለጥቂት ጊዜ ከዚህ ብትርቅ ጥሩ ነው" አለና ሄደ።

ዙቤዳ ጊዜ አላባከነችም። ስልጤ ካሉት ወንድሞቿ ዘንድ ሊከርሙ ቆርበቱንም፣ ማሰሮውንም፣ የወስፌውንም ከረጢት አህያዋ ላይ ጫነች። ሊወጡ ሲሉ ከወንዙ ማዶ የምትኖረው ዱሬቲ እየተጣደፈች መጣች። ባሏ የሞተባት፣ እንቁላል ሸጣ የምታድር ሴት ናት።

"አብደላ፣ እንኳን አገኘሁህ። የጦር ሰፈሩ ወጥ ቤት ሠራተኛ ዶሮዎቼን በሙሉ ወሰደብኝ። ብጠይቀው፣ በፈቃዳቸው ነው የመጡት ይለኛል።"

"አይተሽዋል?" አለ አብደላ።

"እኔስ አይቼዋለሁ፤ አንተም ሳታየው አትቀርም። ትናንት በዚሁ በር ላይ በክንፋቸው አንጠልጥሎ ነው ያለፈው። ብቻዬን ብናገር ማን ይሰማኛል? ያንተን ድምፅ ግን ትናንት ቤቴ ሆኜ ሰማሁት።"

በእርግጥም አይቶት ነበር። ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ቀና ብሎ አይቶ የማን እንደሆኑ አስቦ ነበር። ማርሻሎውን አሰበ፣ የስልጤን ሩቅ ኮረብታ አሰበ። እንደ ትናንቱ ፈራ፤ ፈርተህም ትሰግዳለህ ያሉት የሼሁ ነገር ትዝ ብሎት ለራሱ ፈገግ አለ።

"ዙቤዳ" አለ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን ግልጽ ሆኖ ተሰማ። "አህያዋን አራግፊያት።"

ዙቤዳ ማሰሮውን አውርዳ ገመዱን መፍታት ጀመረች።

"ጋቢህንስ?" አለችው።

"እሱን አቀብዪኝ" አለ አብደላ፣ ጫማውን እያጠለቀ።