መሪጌታ ኳስ ሊያዩ የሄዱ ዕለት

መሪጌታ ገብረ ሕይወት ያን ቅዳሜ ከሰዓት ንፋስ መውጫ ወደሚገኘው አዳራሽ የገቡት ሊዝናኑ አልነበረም፤ ሊፈርዱ ነበር። አገኘሁ የሚባለው የቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው ኳስና ጭፈራን ቀላቅሎ መድረክ ላይ አውጥቷል ተብሎ ከተማው ጉድ ሲል ሰንብቷል። እሱ የራሱ ጉዳይ። ግን «የማኅሌቱን መረግድ ለኳስ አዋለው» የሚል ወሬ ጆሯቸው ገባ። መረግድ ሊቃውንቱ በበዓል ቀን በከበሮ እየታጀቡ የሚረግጡት ስልት ነው፤ መሪጌታም እሱን ሲያስተምሩ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ወሬው እውነት ከሆነ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት ሊያወግዙት ቆርጠዋል። እሳቸው ካወገዙ ደግሞ ልጁን እዚያ መድረክ ላይ የሚያስወጣ ወላጅ በጋይንት አይገኝም።

«እርስዎ ብቻ እግሩን ይዩ» አሏቸው አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ ዘመኑ፤ «እኔ እንደሁ ኳሱንም ጭፈራውንም አልለየው።»

ከድምፅ ማጉያው ማሲንቆና ከበሮ ተለቀቀ። ማሊያ የለበሱ ወጣቶች ተግተልትለው ወጡ። ማንአለሽ የምትባል የእስቴ ልጅ ኳሷን ደረቷ ላይ አሳርፋ እስክስታ ስትመታ ኳሷ ወደ አንገቷ ወጣች፤ ከአንገቷ ወደ ክንዷ ተንከባለለች፤ መሬት ግን አልነካችም። ቀጥሎ ሁሉም ውድማ ላይ እንዳሉ በሬዎች ክብ ሠርተው ይዞሩ ጀመር። ኳሷ በዚያ ሁሉ እግር መሀል ትሽሎከለካለች፤ አንዱም አይስታትም።

«ጉድ በል ጋይንት!» አሉ ቄስ ዘመኑ።

መሪጌታ ለመፍረድ መምጣታቸውን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ትዝ ሲላቸው ዓይናቸውን ወደ ልጆቹ እግር መለሱ። አንድ ነገርም አዩ። ከበሮው መረግድ ወደሚጀመርበት ልክ በደረሰ ቁጥር ልጆቹ በሙሉ ቀጥ ይላሉ። ኳሷም በአንዱ እግር ሥር ጸጥ ትላለች። ሕዝቡ ለማሳመር የተደረገ መስሎት ያጨበጭባል። መሪጌታ ግን ገባቸው። አገኘሁ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚረገጥ ጠንቅቆ ያውቃል፤ አውቆ ነው የተወው። ሰው የተማረውን ሲያሳይ ብዙ አይተዋል፤ የተማረውን እንዲህ አክብሮ ሲተው ግን አይተው አያውቁም።

ይኼኔ መብራት ሄደ።

በመስኮቶቹ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል፤ ድምፅ ማጉያው ግን ጸጥ አለ። ማንአለሽ ኳሷን ገና ወደ ላይ መለጋቷ ነበር። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ተደናቀፈ። አገኘሁ መድረኩ ጥግ ላይ ራሱን ያዘ።

ከፊተኛው ረድፍ አንድ እግር የጣውላውን ወለል ረገጠ። ደገመ። መሪጌታ ይህ የማነው ብለው ጎንበስ ሲሉ የገዛ ጫማቸው ሲነሳ አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ማኅሌት ላይ ምት ሲሰበር ዝም ብለው አያውቁምና እግራቸው ፈቃድ አልጠየቀም። ልጆቹ ምቱን ቀለቡት፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለ። ቀጥ ይሉበት የነበረው ቦታ ሲደርስ የመሪጌታ እግር አላቆመም፤ ልጆቹም አላቆሙም። ኳሷ ከእግር እግር እየዘለለች ስትወጣና ስትወርድ መሪጌታ ፈሩም፣ ደስም አላቸው። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

ሲያበቃ አገኘሁ እየሮጠ ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመ። «የኔታ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ እኔ መረግድ አላስገባሁበትም ነበር።»

«አይቻለሁ ልጄ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ቄስ ዘመኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ነገ ማንን ነው የምናወግዘው?»

«ነገማ እኔ ወደ ንስሐ አባቴ ነው የምሄደው» አሉ መሪጌታ። ከዚያ የአገኘሁን ትከሻ ይዘው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «እናንተ ግን ሌላ ጊዜ እንደ ቀድሞው እዚያ ጋ ቀጥ በሉ። ከእኔ መርገጥ ያ መቆማችሁ ይበልጥ ነበር።»