ያልነካሁት ክር

ቤዝ ጊታሬ ያልመታሁትን ድምፅ ማሰማት ከጀመረ አሥር ቀን ሆኖታል። ቀጭኑን ክር መትቼ ሳቆም ከሥሩ ወፍራም ጉርምርምታ ይቀራል፤ "እምምም" እያለ የሚቀጥለው ኖታ ላይ ይተኛል። በዘፈናችን ቀረጻ ዋዜማ፣ ልምምድ ላይ፣ የቡድናችን መሪና ዘፋኝ የሆነችው ታላቅ እህቴ ማይኩን አስቀመጠች።

"ስማ፣ ይሄ ንብ እስከ ነገ ካልወጣ ቤዙን ኪቦርዱ ይጫወተዋል።"

"በኪቦርድ? ፕላስቲክ እየነካካ? እትዬ፣ ምን ነካሽ?"

ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "መስመርህን ይዤዋለሁ" አለ።

አጥንቶታል ለካ! ሳልሞት ሊወርሰኝ!

በዚያው ንዴት ጊታሬን አንግቤ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ የሸጡልኝ ክር የማይረባ ነው!" አልኩ ገና ከበሩ።

"መጀመሪያ ግባ፤ ከዚያ ትሰድበኛለህ።"

የአምፕሊፋየሩን ገመድ ቀየሩ፤ ድምፁ አሁንም አለ። ብሎኖቹን አጠበቁ፤ አለ። አምፕሊፋየሩን አጥፍተን ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ፤ እዚያም አለ። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ጣጣ አይደለም። በመጨረሻ ጊታሩን ተቀብለው ራሳቸው ያንኑ መስመር ተጫወቱ። ጸጥ! መልሰው ሰጡኝ። "እምምም።"

"አስማት ነው እንዴ?"

"አስማት ባውቅ ብሎን ሳጠብቅ እውል ነበር?"

አምስት ጊዜ ተቀባበልነው። እሳቸው ጋ ዝም፣ እኔ ጋ እምምም። ሃያ ዓመት ያቀፍኩት ዕቃ ለሌላ ሰው ይታዘዛል? ማንን እንደምከስ ጠፋኝ። ጋሼ በእርሳሳቸው አውራ ጣቴን ጠቆሙ።

"ይቺን ምን ላይ ነው ያሳረፍካት?"

አንጓዋ ያብጣል። ሐኪሟ ክር ላይ እንዳልጫናት ስለነገረችኝ፣ ከክሮቹ በላይ ቁራጭ እንጨት በብሎን አስሬ እዚያ ላይ ማሳረፍ ከጀመርኩ አሥር ቀኔ ነው።

"እኔ ወፍራሙ ክር ላይ ነው የማሳርፋት" አሉ። "ካልተያዘ ሌላው ሲመታ አብሮ ይነዝራል። አንተም ሳታውቀው ሃያ ዓመት ይዘኸው ኖረሃል።"

"ሥሩ ስፖንጅ ብንወትፍበትስ?"

"ያ ክር ይሞታል። ዘፈኑ አይፈልገውም?"

ይፈልገዋል፤ አዝማቹ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በግራ እጄ ልያዘው ብል ኖታው ያመልጠኛል፤ በአንድ ሌሊት የሚለመድ ነገር አይደለም።

በማግስቱ ስቱዲዮ ገብቼ እንጨቱን ነቀልኩና ጀመርኩ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጣቴ እንደ ፍም ነደደ፤ ምቱ ወደ ኋላ ቀረ። እህቴ ከመስተዋቱ ጀርባ እጇን አነሳች።

"ይብቃህ፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ ስትለኝ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። እንጨቱን መልሼ አሰርኩ። አሁን የሚያስፈልገኝ ክሩን ይዞ በሰዓቱ የሚለቅልኝ ሌላ ጣት ነው። መቼ እንደሚለቀቅ የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኪቦርዱ ጋ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

"አንተ፣ ና እስቲ!"

"ልትደበድበኝ ነው?"

"ጣትህን እዚህ አድርግ። አዝማቹ ላይ ልቀቅ።"

"ይቺን ፕላስቲክ የምትነካካውን?"

"እሷኑ። ደግሞ እንዳትጫን!"

በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጉልበታችን ተጋጨ። መታሁ። ወፍራሙ ክር ዝም አለ። አዝማቹ ሲደርስ ሳልነግረው ጣቱን አነሳ፤ መታሁት፤ መልሶ ያዘው። ሦስተኛው አዝማች ላይ እኔ ዘንግቼ ላልፍ ስል እሱ ቀድሞ ለቀቀ፤ ክሩ ነጻ ሲሆን አየሁና መታሁ። እጄ መራው ወይስ እጁ መራኝ?

እህቴ ቅጂውን አሰማችን። አንድም ንብ የለም። ከዚያ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ዘርግታ "ቤዝ" ከሚለው ጎን እስክሪብቶዋን ደቀነች።

"ማን ብዬ ልጻፍ?"

"እኔን ነዋ! ሌላ ማን አለ?"

ኪቦርድ ተጫዋቹ ወደ ጣቱ አጎነበሰ። ቢከራከረኝ በቀለለኝ። ክሩ ቀይ መስመር ያተመበትን ጣቱን ያሻሻል።

"እሺ፣ ልጻፍ?" አለች እህቴ።

"ቆይ አንዴ" አልኳት።